የከልካይ ሽምብራ

በሰው መከራ ላይ ዋጋ የሚደራደር ሲያጋጥማቸው የጣና ሐይቅ ዳር ሰዎች የሚተርቷት አንዲት አባባል አለች። እንግዳ ሰው ሲሰማት ፈገግ ይላል። መነሻዋን የሚያውቅ ግን ሲተርታት እንኳ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል።

ነገሩ የሆነው ጣናን የሚሻገር ሁሉ በደንገል ታንኳ በሚሻገርበት ዘመን ነው። ቢያድግልኝና ከልካይ በአንድ ዳርቻ ያደጉ ቀዛፊዎች ነበሩ። ቢያድግልኝ ሲያገባ ሚዜው ከልካይ ነበር፤ የመጀመሪያ ልጁንም ክርስትና ያነሳለት እሱ ነው። አበልጆች ሆኑ ማለት ነው። ከልካይ ሳቂታና ተረበኛ፣ ነገርን እንደ ዝንብ እሽ ብሎ የሚያልፍ ሰው ነበር። ቢያድግልኝ ደግሞ ደግ ቢሆንም የሰማውን ሁሉ ሆዱ ውስጥ የሚያኖር ነው።

የደንገል ታንኳ እንደ ድንጋይ ዘጭ ብላ አትሰጥምም። ውሃ እየጠጣች ቀስ በቀስ ትወርዳለች። ታዲያ መቼ ነው ሰጠመች የሚባለው? በዚህ ነገር ብዙ ሰው ስለተጣላ የጥንት ሽማግሌዎች አንድ ደንብ ቆርጠው ነበር። ወደ ላይ የቀናው የፊቷ አፍንጫ ከውሃ በላይ እስከታየ ድረስ ታንኳ ናት፤ የረዳት ሰው ከምስጋና በቀር ምንም አያገኝም። አፍንጫዋ ከገባ ግን ሰጥማለች፤ ጭነቱን ከውሃ ያወጣ ሲሶውን ይወስዳል። ክፉ ደንብ አልነበረም። ሰው ለሌላው ንብረት እንዲደክም ተብሎ የወጣ ነው።

አንድ ዓመት ጤፍ የጫነች የከልካይ ታንኳ ተጎድታ ውሃ ሞላት፤ ቢያድግልኝም በብርድ ሲንቀጠቀጥ ውሎ ጤፉን አወጣለት። ሲሶውን ሲጠይቅ ግን ከልካይ ሳቀ። «አፍንጫዋ መቼ ገባና!» አለ። ዳኝነት የተቀመጡት አባ መንበሩም በደንቡ መሠረት ለከልካይ ፈረዱ። ከልካይ አበልጁን ጉንጩን ስሞ «እንካ ምስጋናህን» ሲለው ወደቡ ላይ የነበረ ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። ቢያድግልኝም አብሮ ሳቀ። ቤቱ ሲገባ ግን እራቱን አልበላም።

በዓመቱ ከልካይ ሽምብራ ጭኖ ወደ ገበያ ሲሻገር ሐይቁ መሀል ላይ ነፋስ ያዘው። ታንኳዋ አርጅታለች፤ ደንገሏ ውሃ ጠግቧል። ማዕበሉ ጆንያዎቹን አረሰረሳቸው፤ የራሰ ሽምብራ ደግሞ ክብደቱ ሌላ ነው። ባዶ ታንኳውን እየቀዘፈ ከኋላ ይመጣ የነበረው ቢያድግልኝ ደረሰበት። ደረሰና መቅዘፊያውን ጭኑ ላይ አጋድሞ ቆመ።

«ጎሽ አበልጄ! ገመድህን ወርውርልኝ!» አለ ከልካይ።

«አፍንጫዋ ገና አልገባም» አለ ቢያድግልኝ።

ከልካይ አየት አደረገውና ሳቀ። «ያችን ነገር እስካሁን ይዘሃታል?»

«ሲሶውን እሺ በለኝ፤ አሁኑኑ እስብሃለሁ።»

«የልጆቼ የዓመት ቀለብ እኮ ነው!»

«እንግዲያው እንጠብቃታ።»

«ጠብቃ! እኔ እያለሁ አትገባም።»

ይህን ብሎ ከልካይ አፍንጫዋን ከፍ ለማድረግ ወደ ኋላዋ ሄዶ በጆንያዎቹ ላይ ተቀመጠ። ማዕበሉ እንዳያንሸራትተው የጭነቱን ገመድ እጁ ላይ ጠመጠመ። አፍንጫዋ በእርግጥም ቀና አለ። «እያት እያት! ሰማይ ልትስም ነው!» እያለ ጮኸ። ቢያድግልኝ ሳይወድ ሳቀ። እውነቱን ለመናገር የፈለገው ሽምብራውን አልነበረም። ከልካይ አንድ ጊዜ ብቻ «አጥፍቼብህ ነበር» እንዲለው ነው። ቃሉን ሲሰማ ገመዱን ሊወረውር እጁ ላይ ይዞት ነበር።

ቃሉ ሳይመጣ ኋላዋ ውሃ ሞላ። ታንኳዋ በአፍንጫዋ ሽቅብ ቆመችና በከልካይ ላይ ተገለበጠች፤ አፍንጫዋም ገባ፤ ጆንያዎቹም በላዩ ወረዱ። ቢያድግልኝ የወረወረው ገመድ ባዶ ውሃ ላይ ወደቀ። ዘሎ ገባ። ጠለቀ፣ ወጣ፣ እንደገና ጠለቀ። የተጠመጠመውን ገመድ በጥርሱ ጭምር እየጎተተ እጁን ነፃ ሲያወጣለት ከልካይ ትንፋሽ አልነበረውም።

ሬሳውን ደረቱ ላይ አቅፎ ዳርቻ ድረስ መጣ። ማን ቀዘፈለት፣ እንዴት ደረሰ፣ ኋላም አላስታወሰውም። ሰዎች ሊቀበሉት ቢሞክሩ አልለቅም አለ። «አፍንጫዋ አልገባም ነበር፣ አበልጄ፤ አሸንፈሃል፣ ተነሥ» ይለዋል። ይህን የሰማ ሁሉ አለቀሰ።

ከቀብሩ በኋላ ቢያድግልኝ እንደ እብድ ሆኖ ሐይቁ ውስጥ ዋለ። ጆንያዎቹን አንድ በአንድ አወጣና የከልካይ ባለቤት የትብለጥ በር ላይ ደረደራቸው። አንገቱን ደፍቶ ሄደ።

እሷ ግን ከጥቂት ቀናት በኋላ ማቅ እንደለበሰች፣ የባሏን ወንድሞች ጆንያ አሸክማ፣ አባ መንበሩንም አስከትላ ቤቱ ድረስ መጣች።

«አያ ቢያድግልኝ፣ ሲሶህ ነው» አለችው።

«በልጆችሽ ይዤሻለሁ ትብለጥ፣ መልሽው!»

«አፍንጫዋ ገብቷል፤ ያወጣኸውም አንተ ነህ። ባሌን ከሞተ በኋላ የሰው ድርሻ በላ አላስብለውም።»

ድምፅዋ ላይ ቁጣ አልነበረም። ቁጣ ቢኖርበት በቀለለው። ጆንያዎቹን አስወርዳ ተመለሰች። ሽምብራው ውሃ ጠጥቶ ኖሮ በጆንያው ቀዳዳ ሁሉ አረንጓዴ ቡቃያ ብቅ ብሏል።

ቢያድግልኝ በአባ መንበሩ እግር ላይ ወደቀ። «ይፍረዱብኝ አባቴ። ይግደሉኝ፣ አገር ልቀቅ ይበሉኝ፤ ብቻ ይፍረዱብኝ!»

ሽማግሌውን ያን ዓመት ሰው ሁሉ ሲስቅ እሳቸውም መሳቃቸው ትዝ አላቸው።

«ደንቡማ ላንተ ፈርዷል ልጄ፤ ሲሶህ ይኸው ደጅህ ላይ በቅሏል» አሉና በበሩ ወደ ተሰበሰቡት ቀዛፊዎች ዞረው፣ እንባቸው ጢማቸው ላይ እየወረደ፣ «እናንተ ግን ለልጆቻችሁ ንገሩ፦ እስኪሰጥም የጠበቀ፣ ሬሳ ታቀፈ» አሉ።