እንቅቡን ያነሳችው እጅ

አንድ ገበሬ ነበረ፤ ሚስትም ነበረችው። መሬቱ፣ በሬዎቹ፣ ጎተራው የእሱ ነው፤ ዶሮዎቹ ግን የእሷ ናቸው ይባል ነበር። ይባል ነበር ነው ያልኩሽ፣ አንቺ ይታክቱ።

ጥያቄሽን አልረሳሁትም። ልጅሽ ስመኝ ከወለደች ወዲህ ማህፀኗ እየወጣ አንቺ ጓዳ ተኝታለች፤ ባሏ ትመለስልኝ ብሎ እሑድ ሽማግሌ ይልካል፤ አንቺም የቤቴን በር ዘግተሽ፣ ድምፅሽን ዝቅ አድርገሽ፣ «ልስጣቸው ወይስ ላቆያት?» አልሽኝ። እኔ ደግሞ የዶሮ ወሬ ጀመርኩልሽ። ፊትሽን አታጥቁሪብኝ። ዝም ብለሽ ስሚኝ፤ ስጨርስ ዶሮዋን ታውቂያታለሽ።

ከዶሮዎቹ መካከል አንዲት ቄብ ነበረች፤ እንቁላል ጥላ የማታውቅ፣ አጥንቷ ገና ያልጠና። ሰውየው እንቁላሉን ከሩቅ አገር አስመጥቶ ለቤት ዶሮ አስታቅፎ ያስፈለፈላት ናት፤ የዚያ አገር ዶሮ የምትጥለው መዳፍ ይሞላል ብለውታል። ስለዚህ ቸኮለ። ሌሎቹ መሬት ጭረው ያገኙትን ሲለቅሙ፣ ለእሷ ብቻ ለይቶ ስንዴ ይበትንላት ጀመር። ሚስቱ ተዋት፣ ትንሽ ትደግ እንጂ አለችው። የበላች ዶሮ መቼ ታንሳለች አላት።

ቄቧ በላች፤ ጣለችም። እንቁላሉ እውነትም ትልቅ ነበር። ሰውየው በጋቢው ጫፍ ቋጥሮ ከደጅ ደጅ እየዞረ አሳየ፤ ለቅሶ ቤት ሳይቀር ይዞት ገብቷል ይላሉ። ሰው ሁሉ እንቁላሉን እያገላበጠ አደነቀ። ይሄን ያህል ነገር ከዚያች ትንሽ ዶሮ እንዴት ወጣ ብሎ የጠየቀ አንድም አልነበረም። የጭቃ ሹሙ ሚስት አየችና ከዚህ ዘር ለማስታቀፊያ ይሰጠኝ አለች። ሰውየው ከሹም ቤት ተጠይቆ እንዴት እምቢ ይላል? ደስ ብሎት ቃል ገባ። ቃል የገባው እሱ፣ የምታምጠው እሷ።

አንድ ጠዋት ሚስትየው አመድ ልትደፋ ስትወጣ ዶሮዋ አጥሩ ሥር ሆና ታምጣለች። ከኋላዋ ቀይ ሥጋ ተገልብጦ ወጥቷል፤ እንቁላሉ የሚወጣበት ራሱ ነው። ሌሎቹ ከበዋታል። ዶሮ ቀይ ነገር ስታይ እንዴት እንደምትሆን አንቺም ታውቂያለሽ። ከአንድ እናት ክንፍ ሥር አብረዋት ያደጉት ናቸው ተራ ገብተው የሚነቁሯት።

ሴትዮዋ እጇ የተባረከ ነበር። ዶሮዋን ከመሀላቸው አነሳች፣ በቀሚሷ ሸፍና ጓዳ አስገባቻት። ውሃ ለብ አድርጋ ጨው ጣል አደረገችበትና ያንን ሥጋ ከአፈሩም ከኩሱም አጠበችው። ማር ቀባችው፤ ማር እብጠት ይስባል። እብጠቱ እስኪጎድል ድረስ ጭኗ ላይ አቅፋት ቆየች። ከዚያ ጥፍሯን ከረከመች፣ ጣቷን ለጋ ቅቤ ነከረች፣ ቀስ አድርጋ ወደ ውስጥ መለሰችው። ዶሮዋ አማጠችና መልሳ አስወጣችው። ሴትዮዋም እንደገና መለሰችው። በነጋታው ወጥቶ አገኘችው፤ እንደገና አጠበች፣ እንደገና ቀባች፣ እንደገና መለሰች። አልሰለቻትም፤ አልቀፈፋትም።

ጓዳው ጥግ ጭድ አንጥፋ አስቀመጠቻትና እንቅብ ደፋችባት። እንቅቡ ላይ ድንጋይ ጫነች። ጨለማው ከነቋሪዎቹ ዓይን ሊሸሽጋት ብቻ አይደለም፤ ዶሮ ብርሃን ካላየች እንቁላል መሥራት ትተዋለች። ጥሬም ቀነሰችባት፤ ውሃ ግን አልነፈገቻትም። ማሩ እብጠት ይስባል፣ ቅቤው ያለሰልሳል፣ የሚያድናት ግን አለመጣሏ ነው። የወጣው ገብቶ፣ ገብቶም ጸንቶ እስኪቀር ድረስ በዚያች ዶሮ ሆድ ውስጥ ምንም ማለፍ የለበትም። ሴትዮዋ ይህን ታውቅ ነበር። ይሄን ያዥልኝ፤ ታውቅ ነበር።

ሥጋውም እየዋለ እያደረ ገብቶ መቅረት ጀመረ።

ሰውየው ዶሮዋን ከግቢው አጣት። የት አለች አለ። አሟታል አለችው። ምኗን አለ። እንዲያው ነው አለችው። አየሽ፣ ያንን ሥጋ በጣቷ ስትነካው ያላፈረች ሴት፣ በአፏ ልትጠራው ስትል አፈረች። ራት ቀርቦ፣ ባል እጁን ታጥቦ ተቀምጦ፣ ከኋላዋ ወጥቶ ነው ተብሎ ይነገራል? ነውር ነው አለች በልቧ። ነውሩን ዋጠችው።

እሱም ከሚስቱ ያጣውን መልስ ከእናቱ ፈለገ። እናቱ ጓዳ ገብታ እንቅቡን በጥቂቱ ቀና አድርጋ አየች። ያየችው ጨለማ ውስጥ ጭድ ላይ ቁጭ ያለች ዶሮ ነው። ይቺማ መታቀፍ አምሯት ነው እንጂ ምንም አልሆነች፣ ሚስትህ በስውር ልታስፈለፍል ነው ብላ ፈረደች። አልፈርድባትም፤ ያየችውን ነው የተናገረችው። አገራችን ደግሞ ለዚህ መድኃኒቱን ያውቃል፤ መታቀፍ ያማራት ዶሮ ጭዷ ይነሳል፣ ከጨለማ ትወጣለች፣ በአፍንጫዋ ላባ ይሰካባታል። ያኔ ቁጭ ማለቱን ትታ መጣሏን ትቀጥላለች።

ጎረቤቶቹስ ዝም ይላሉ? ለዶሮ አራስ ቤት ሠራች አሉ። ገንፎ እንላክላት ወይ፣ ክርስትናውስ መቼ ነው ተባባሉ። ሴትዮዋ ውሃ ስትቀዳ ይህን ሰማች። እሷም አብራ ሳቀች። ምን ታድርግ?

አንድ ማለዳ ከጭቃ ሹሙ ቤት መልእክተኛ መጣ፤ እንቁላሉስ? ሰውየው ላባውን በእጁ ይዞ ጓዳው በር ላይ ቆመ። «ዶሮዋ ታማለች ወይስ አልታመመችም? አንድ ቃል ንገሪኝ» አላት።

ክፉ ሰው አልነበረም። አንድ ቃል ነው የጠየቃት፤ የሚሰማትም ይመስለኛል። ግን እናቱ ከኋላው ቆማለች፣ መልእክተኛው ከደጅ ጆሮውን አቁሟል። ሴትዮዋ መሬት መሬቱን አየች።

«ትንሽ ድካም ነው፤ አሁን ደህና ናት» አለች።

ከዚያ ጎንበስ ብላ ድንጋዩን አወረደች። እንቅቡንም በገዛ እጇ አነሳችው።

ዶሮዋ ብርሃኑ ወግቷት ዓይኗን እያርገበገበች ወጣች። ላባው ተሰካባት፤ ስንዴው ተበተነላት። ጥቂት ቀን ደህና መስላ ከሌሎቹ ጋር ስትጭር ዋለች፤ ሰውየውም እናቱን አመሰገነ። ከዚያ እንቁላሉ መጣ፤ እንደ ድሮው ትልቅ። ሴትዮዋ ወንዝ ወርዳ ነበር። ስትመለስ ዶሮዋ ኋላዋን ልትሸሽግ ከአጥሩ ጋር ተጣብቃ ቆማ አገኘቻት። አጥሩ ግን የእንጨት አጥር ነው፤ ክፍተት አለው። ከወዲያ ማዶም የጎረቤት ዶሮዎች አሉ። በዚያም በዚህም ነቁረው ነቁረው አንጀቷን አውጥተውታል።

ሰውየው በክት ከምትሆንብን ብሎ ቢላውን አነሳ። ሚስትየው ገነጠለቻት። ሆዷ ሲከፈት ያልተጣሉት እንቁላሎች ተያይዘው ወጡ፤ ገና አስኳል ብቻ ናቸው፤ ትልቁ ዛሬ ነገ የሚል፣ ትንሹ የሰናፍጭ ፍሬ የሚያክል፣ ከሥር ደግሞ ዓይን የማይለየው። የዓመታት እንቁላል። ሰውየው ጎንበስ ብሎ አያቸው።

«ይሄን ሁሉ ይዛ ነው ስትከለክለን የከረመችው?» አለ።

ሚስቱ ያኔም አልተናገረችም። ወጡን ሠራች፤ አስኳሎቹን ለቅማ በእሱ በኩል አወጣችለት። ጣፍጧል አላት።

ይኸው ነው። አሁን ተነስተሽ አትሂጂ፤ መልስሽን ሳልሰጥሽ የት ትሄጃለሽ?

ስመኝን ሳትጠና ሰጣችኋት። አባቷ አማቼ ባለ ብዙ በሬ ነው ብሎ አገር ለአገር ዞረ፤ ቃሉን ሰጠ፤ ያማጠችው ልጅቷ ናት። ስታምጥ ውላ ስታምጥ አደረች፤ ገና ወገቧ ሳይጠና እነ ባሏ እንስራ አሸከሟት፣ እንጨት አስለቀሟት። ከእነሱ ቤት የወጣችው እንዲህ ሆና ነው። አንቺ ደግሞ እናት ነሽ። አጥበሻታል፣ አልጋሽን ለቀሽላታል፣ አንቺ መሬት ተኝተሽ እሷን ቀና አድርገሽ ታጎርሻታለሽ። በእጅሽ አላማሽም። እጅሽ አፍሮ አያውቅም። የሚያፍረው አፍሽ ነው።

ባለፈው ሽማግሌዎቹ መጥተው ምን ሆነች ሲሉሽ ምን አልሻቸው? መጋኛ መታት አልሽ። እነሱም ለመጋኛ ፈረዱ፤ ትጠመቅና ትመለስ አሉ። ምን ይፍረዱ? ጭድ ላይ የተቀመጠች ዶሮ ነው ያሳየሻቸው። መንደሩም ከእናቷ ጓዳ ተኝታ ትሰባለች ይላታል። አብረዋት ውሃ የወረዱ፣ በሠርጓ የዘፈኑ ናቸው የሚነቁሯት። ከእነሱ መሀል ያው የስመኝ በሽታ ያለባት እንደማትጠፋ እኔ እነግርሻለሁ። እሷም አጥር ተደግፋ ነው የምትነቁረው።

አንቺ ዝም ብለሽ ልጅቷ ከሄደች፣ ባሏ ቀጥሎ የሚጠይቃት ወንድ ልጅ ነው። ክፉ ላይሆን ይችላል። አንድ ቃል የነገረው አለ ወይ? ነገ ሆዷ ተከፍቶ ብትሞት ግን ይሄን ሁሉ ዕድሜ ይዛ ነው ጥላን የሄደችው ብሎ ያለቅስላታል፤ አንቺም የአርባዋን ወጥ ትሠሪያለሽ። አልቅሺ። ግን እያለቀስሽ ስሚኝ።

ልጅሽ ዶሮ አይደለችም፤ በማርና በቅቤ አትድንም። ሐኪም ቤት ውሰጃት። እንዲህ ያለውን የሚያክሙ አሉ፤ የሚደገፈውን ይደግፋሉ፣ የሚሰፋውን ይሰፋሉ፤ ከዚያም ረጅም ዕረፍት ያዝዛሉ። እዚያ እስክትደርሺ ግን እሑድን መሻገር አለብሽ። ሽማግሌዎቹ ጋቢያቸውን አስተካክለው ሲቀመጡ፣ ጠላውን ሳትቀጂላቸው፣ በሽታውን በስሙ ጥሪው። ማህፀኗ ወጥቷል በያቸው። አንዱ ያስላል፣ አንዱ መሬት መሬቱን ያያል፣ ባልሽ ከቤት ይወጣል። ይውጣ። ሰው አፍሮ አይሞትም።

አላቆያትም ካልሽም ምርጫው ያንቺ ነው፤ እኔ አልይዝሽም። ብቻ በኋላ ባሏ ወሰዳት፣ አማቷ አስወጣቻት፣ ሽማግሌ ፈረደባት እንዳትይኝ። ከእነሱ አንዳቸውም እንቅቡን አያነሱትም፤ በር ላይ ቆመው ነው የሚጠብቁት። ድንጋዩን የጫንሽው አንቺ ነሽ፤ ከአንቺ በቀር የሚያወርደው የለም። ሂጂና ከእሑድ በፊት ከበድ ያለ ድንጋይ ፈልጊ። ካጣሽም አንቺው ራስሽ እንቅቡ ላይ ተቀመጪበት።