ስልሳኛው ዱላ

አንድ ሰው ነበረ። በሬው ሁለት፣ ቃሉ አንድ።

ልጄ፣ የክልሉን የሕዝበ ውሳኔ ደንብ ከሚጽፉት አንዷ ነሽና «ስንት ሰው ካልመጣ ውሳኔው አይጸናም እንበል?» ብለሽ ጠየቅሽኝ። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። የዚህን ሰው ነገር ግን አውቃለሁ።

ገበሬ ነው። አገሩ መቶ አባወራ አለበት፤ በመካከሉ የወል መስክ አለ። የሰውየው መሬት ድንጋያማ ስለሆነ ገለባው ለአንድ ወር አይበቃም። በሬዎቹን ከበጋ ወደ ክረምት የሚያሻግራቸው ያ መስክ ነው። መስኩ ከታረሰ በሬዎቹን መሸጡ ነው። በሬ የሌለው ገበሬ ደግሞ የሰው አራሽ ሆኖ ይቀራል።

እዚያ አገር ትልቅ ነገር ሲመጣ ሕዝቡ መስኩ ላይ ወጥቶ በዱላ ይወስናል። እሺ ያለ ዱላውን መስኩን ለሁለት ከሚከፍለው ቦይ ወዲህ ይተክላል፤ እምቢ ያለ ከቦዩ ወዲያ። ባሏ የሞተባትም የባሏን ዱላ ይዛ ትወጣለች። ድሮ አንድ ጊዜ፣ ሰው ሁሉ ቀብር ሄዶ ሳለ፣ አሥራ ሁለት ሰዎች ብቻቸውን ተሰብስበው የገበያውን ቀን ለራሳቸው እንዲመች አድርገው ለወጡት። ሽማግሌዎቹ ተቆጡ። «ከእንግዲህ ስልሳ ዱላ ካልተተከለ የተባለው እንዳልተባለ ይሁን» ብለው ደነገጉ። ደንቡ ክፉ አልነበረም።

ኋላ ገለባ የተረፋቸው ባለጠጎች ተነሡና «መስኩ ይታረስ፤ ለየቤቱም ይከፋፈል» አሉ። ቀን ተቆረጠ።

በዋዜማው ጎረቤቶቹ ወደዚያ ገበሬ መጡ።

«ነገ እንዳትወጣ።»

«እንዴት ነው ነገሩ? እምቢ የሚለው ማን ሊሆን ነው?»

«አንተ ሰውዬ፣ ሒሳብ የሚባል አልፈጠረብህም? ስልሳ ካልሞላ ነገሩ ሞተ ማለት ነው። እግርህን ዘርግተህ ተቀመጥ፤ መቀመጥህ ነው እምቢታህ።»

«ብንወጣስ? እኛ አንበዛም?»

«ማን ቆጥሮን! ብንወጣ እንበዛለን ወይ እናንሳለን። ብንቀር ግን አሸነፍን።»

እውነት ይመስላል። ሰውየው ሲያኝከው አመሸ። ሚስቱ መሬት መሬቱን ሲጭር አየችው።

«ምነው፣ ዶሮ ሆንክ?»

«ቤቴ ተቀምጬ እምቢ ብል ማን ይሰማኛል?»

«በሬዎችህ ይሰሙሃል፤ ሣር አያጡማ» አለችው።

እውነቷን ነው። እሱ ግን ተፈጥሮው እንዲያ አይደለም።

በማግስቱ ቆጠራው የሚዘጋው ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ ነው። ሰውየው ደጃፉ ላይ ሞፈር ይጠርባል። ጥቂት ይጠርባል፣ መጥረቢያውን ያስቀምጣል፣ ቁልቁል መስኩን ያያል፣ መልሶ ያነሣል። ከቦዩ ወዲህ ዱላው በዝቷል። ከቦዩ ወዲያም አልጠፋም፤ ምክሩን ያልሰሙ ወይም ሰምተው ያልወደዱ ጥቂቶች ቆመዋል። አንዲት ባልቴት ከዱላዋ ጎን ስትቆም አያት። ፀሐይዋ ልትደርስ ትንሽ ቀራት።

«እሷ በዚህ ሐሩር ቆማ እምቢ ስትል እኔ ጥላ ሥር ልቀመጥ?» አለና ዱላውን ይዞ ወረደ። እየሮጠ ደረሰ። ቦዩን ዘለለ፣ ተከለ።

የአገሩ ዳኛ ዱላውን ቆጠረ። «ወዲህ አርባ ሁለት። ወዲያ አሥራ ስምንት።» ቆም አለና፣ «ስልሳ ሞላ!» አለ።

ባለጠጎቹ ጮቤ ረገጡ። አንዱም ቦዩን ተሻግሮ የሰውየውን ትከሻ መታ መታ አደረገና «ወንድሜ፣ አንተን እግዜር ነው የላከልን» አለው።

ጩኸቱን ሰምተው ቤት የቀሩት አርባው ደረሱ።

«አንተ ባትመጣ ኖሮ መስካችን ይተርፍ ነበር!» አሉት።

ሰውየው ከቦዩ ወዲያ ያሉትን ዱላዎች አየ። ቀጥሎ እነሱን፣ በጣቱ እየጠቆመ፣ አንድ ባንድ ቆጠራቸው። አርባና አሥራ ስምንት ሃምሳ ስምንት ነው።

«እናንተ ብትመጡ ኖሮስ?» አለ።

በጋው ሳያልቅ በሬዎቹን ሸጠ።

አየሽ ልጄ፣ መስኩን ማን አሳረሰው? እስከ ዛሬ እጠይቃለሁ። እነሱም እውነታቸውን ነው፤ እሱም እውነቱን ነው። አርባውን ቤት ያስቀመጣቸው ስንፍና አልነበረም፤ ደንቡ ነው። መቅረትን እንደ ዱላ ቆጠረው፤ ከዱላ ሁሉ ደግሞ መቅረቱ ቀለላቸው።

የእናንተም ሕዝበ ውሳኔ እንደዚያ መስክ ነው። ቁጥሩን እኔን አትጠይቂኝ። ምንም ቁጥር ካላበጃችሁ አሥራ ሁለት ሰው ይወስንባችኋል። የመጣውን ሁሉ ከመቁጠር «እሺ ያለው ይህን ያህል ካልሞላ አይጸናም» ብትሉ ይሻል ይሆን? እንጃ፤ እናንተ ምከሩበት። ብቻ ስትጽፊ ያ ሰው መጥረቢያውን አስቀምጦ ቁልቁል ሲያይ ይታይሽ። እምቢ ሊል የወጣ ሰው በመውጣቱ ከተሸነፈ፣ በሌላ ቀን ስትጠሩት አይወጣላችሁም።