አበባ የተባለው እድፍ

አንድ ሀብታም የእህል ነጋዴ ነበር፤ ደግ ሰው ነው፣ ግን «ተሳሳትኩ» ማለት አያውቅም። ውሃው ጨዋማ በሆነበት ቆላ ከተማ ትልቅ ቤት ሠራና ለሻወሩ የመስታወት በር አስገጠመ። ያ ውሃ ደግሞ እንዴት ያለ መሰላችሁ ልጆቼ! ማንቆርቆሪያ ውስጥ እንኳ ነጭ ቅርፊት ይጋግራል። ጠብታው በሩ ላይ እየደረቀ፣ እየደረቀ፣ መስታወቱ ነጭ ዝንጉርጉር ሆነ። ዘመን ሲቆይማ ቤተሰቡ የድሮውን ረሳው። ነጋዴውም እንግዳ በመጣ ቁጥር፣ «አበባ ያለው መስታወት ነው፤ ሲሠራም እንዲህ ነው» ይል ጀመር። እንግዳውም ያደንቃል፤ ምን ያድርግ፣ ምሳ እየጠበቀ!

እዚህ ቤት ስንቅነሽ የምትባል ምራት ገባች። በሩን በጥፍሯ ጫር ብታደርገው፣ በእናቷ ማንቆርቆሪያ የምታውቀው ቅርፊት ነው። ሎሚ ከአቼቶ ጋር ቀላቅላ ቀባችው፤ እስኪርስ ትታ በለስላሳ ጨርቅ አሸችው። ግማሹ በር እንደ ምንጭ ውሃ ጠራ።

የባሏ እናት ድንገት ደረሰች። «ኧረ ጉዴ! አበባውን ገፈፈችው! ና እይልኝ አንተ ሰውዬ!»

ነጋዴው እየተንደረደረ መጣ። «አንቺ ልጅ፣ ማን ንኪ አለሽ? ነገ እንግዶች አሉብኝ። አበባውን እንደነበረ መልሺ፤ አለዚያ ጓዝሽን ይዘሽ ወደ እናትሽ ቤት!»

የስንቅነሽ ባል መንገድ ሄዷል፤ «ተዋት» የሚልላት የለም። «ይቅርታ» ብትል ያልፍላት ነበር። ግን ምን አጥፍታ?

«አባባ፣ እድፍ አልመልስም» አለች። «ከፈለጉት ግን አይቸግርም። ታጥበው በሩን ሳይወለውሉ ይውጡ፤ አበባው ራሱ ይበቅላል።»

«ምላስሽ ደግሞ!»

«ጓዜንም እይዛለሁ። ግን አስቀድሜ የጀመርኩትን ልጨርስ።» ብላ ወደ ሻወሩ ውስጥ ገባች፤ በሩን ሳብ አድርጋ ዘጋችና የቀረውን ግማሽ ታሸው ጀመር።

ነጋዴው ጨርቁን ሊነጥቃት ዘሎ ሲሄድ፣ ጓ! ግንባሩ ከጠራው የበሩ ግማሽ ጋር ተላተመ። ከመጥራቱ የተነሳ ክፍት መስሎት ነበር።

ሚስቱ በሳቅ ፈረሰች። «አንተ! በሩ የተገጠመ ዕለትም እንዲሁ ክፍት መስሎህ ተጋጭተህ አልነበር? የግንባርህ ጠባሳ ከምን የመጣ መሰለህ?»

ነጋዴው ጠባሳውን ዳሰሰ። ጎን ለጎኑ አዲስ እብጠት ወጥቷል። ግንባሩን እያሻሸ ሄደ።

በማግስቱ ጠዋት ታጥቦ ሲወጣ በሩ ደርቆ ያበራ ነበር፤ የወለወለበትን እርጥብ ጨርቅ ራሱ አስጥቶታል። ስለ ጓዝ ዳግመኛ ያነሳ የለም።

ልጆቼ፣ እድፍ ሲቆይ ጌጥ ነኝ ይላል፤ ያጠበውንም ሰው አጥፊ ያሰኘዋል። ቢቆጧችሁም ጨርቃችሁን አትጣሉ። እስቲ አሁን ንገሩኝ፤ በናንተስ ቤት «ድሮም እንዲህ ነው» እየተባለ የሚኖረው እድፍ የትኛው ነው?