ቱርቦው ይብረድ

አንድ ቀን አቶ ምትኩ ለሾፌራቸው ለሽብሩ ታናሽ ወንድም፣ ሚስት የምትሆነውን ልጅ ሊጠይቁ፣ ሽማግሌ ሆነው ተነሡ። አቶ ምትኩ የማያውቁት ነገር የለም። በተለይ ያንን አዲስ ባለ ቱርቦ መኪና ከገዙ ወዲህ፣ ስልካቸው ላይ ያዩትን ሁሉ ለሽብሩ ሲያስተምሩት ይውላሉ። ዋናው ትምህርት ደግሞ መኪናው እንደቆመ ሞተር አይጠፋም የሚለው ነው፤ ለሞተሩ ጉልበት የሚጨምረው ቱርቦ እንዳይቃጠል፣ እስኪበርድ አምስት ደቂቃ ሙሉ እየሠራ መቆየት አለበት። ሽብሩ «ጋሼ፣ ይሄ እኮ ለድሮ መኪና ነው! የዛሬው ስንት ዳገት ተጋልቦበት ካልመጣ አያስፈልገውም» ቢል ማን ሰምቶት! እንዲያውም ደቂቃ ይሰርቀኛል ብለው ስለሚጠረጥሩት፣ እዚያው መኪናው ውስጥ ቁጭ ብለው ራሳቸው ይቆጥራሉ።

ሁለተኛው ሽማግሌ አባባ ደስታው ነበሩ፤ ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው፣ ባለ ከዘራ። መገናኛ ላይ ሊሳፈሩ ሲሉ አቶ ምትኩ ጫማቸውን አዩት። ጭቃ!

«አባባ፣ ምንጣፉ አዲስ ነው። ቅርብ ስለሆነ ቀስ እያሉ በእግርዎ ይምጡ።»

«እሺ ልጄ» አሉና አባባ መንገዳቸውን ያዙ።

የልጅቷ አባት አቶ ክንፈ የቀጠሩት ለአራት ሰዓት ነው። ከዚያ በኋላ የዕድር ስብሰባ አለባቸው፤ በሰዓት ደግሞ ቀልድ አያውቁም። ከመገናኛ እስከ ልጅቷ ሰፈር፣ እስከ ሃያ ሁለት ግን መንገዱ ተቆፍሮ፣ መኪና በመኪና ላይ ተደርቦ፣ ጎማ አንዴ ዞሮ አሥር ደቂቃ ይቆማል። ያቺው አጭር መንገድ አንድ ሰዓት ከሩብ ፈጀች።

ሲደርሱ ለአራት ሰዓት ሁለት ደቂቃ ቀርቶታል። አቶ ክንፈ ባርኔጣቸውን አድርገው በሩ ላይ ቆመዋል። ሽብሩ ሞተሩን ሊያጠፋ እጁን ሲሰድ፣

«ተው!» አሉ አቶ ምትኩ። «ቱርቦው ይብረድ! አምስት ደቂቃ!»

«ኧረ ጋሼ፣ የወንድሜ ነገር ነው! ሰውየው ሊሄዱ ነው!»

«ሚስት ሌላ ትገኛለች። ቱርቦ ግን ከውጭ ነው የሚመጣው።»

ሽብሩ ላብ በላብ ሆነ። ዞር ሲል አባባ ደስታው ጫማቸውን ጠራርገው፣ አጥሩ ሥር ድንጋይ ላይ ቁጭ ብለው፣ ከዘራቸውን ተደግፈው ያንኮራፋሉ። መስኮቱን ዝቅ አድርጎ፣ ሰፈሩ እስኪሰማ ጮኸ፦

«ጋሼ፣ እስቲ እሳቸውን ይዩልኝ! እኩል ተነሥተን፣ በከዘራ ቀድመውን ደርሰው፣ አንድ እንቅልፍ ጨርሰዋል! የሚበርድ ካለ እሳቸውን እናብርድ እንጂ፣ ይሄ መኪና መች ሞቀና!»

አቶ ክንፈ በሳቅ ባርኔጣቸው ወደቀ። አባባም ባንነው፣ ምን እንደተባለ ሳያውቁ አብረው ሳቁ። አቶ ምትኩ አፍረው ሞተሩን በገዛ እጃቸው አጠፉት። ስብሰባው ተረሳ፤ ሽማግሌዎቹ ገብተው፣ ቆመው ጠየቁ።

«ልጄን ሰጥቻለሁ» አሉ አቶ ክንፈ፣ እንባቸውን እየጠረጉ። «አደራ ግን፣ የሠርጉ ዕለት ሙሽራው በእግሩ ይምጣ።»