መዳፍ ላይ ያረፈው ማኅተም

እስቲ ጠጋ በሉና ስሙኝ፤ የማትሰሙ ከሆነ ግን አፌን አላደክምም። እኔ ሸጋው ነኝ፣ ባጃጅ ነጂው። ባጃጄ ለደሃ የተፈጠረች ናት፤ ዋጋዋ አይከብድ፣ ነዳጅ አትፈጅ፣ የማትገባበት ቅያስ የለ። አንድ ነገር ብቻ ተከለከለች፦ ያለ ስምሪት ቁጥር አስፋልት መውጣት። ጤና ጣቢያው ደግሞ የት ነው? አስፋልቱን ይዘው ሲሄዱ፣ ከከተማው ጫፍ። አምቡላንሱም ጎማ አጥቶ ከቆመ ሁለት ወሩ።

አንድ ማክሰኞ ረፋድ ላይ ጎረቤቴን ዘርፌን ምጥ ያዛት። እህቷ ውባለም ደግፋ አስገባቻት። አስፋልቱ ጋ ስንደርስ ቀጥ አልኩ።

«ሂድ እንጂ ሸጋው!» አለች ውባለም።

«ትራፊኩ ቆሟል። ባለፈው ባጃጄን ይዟት ሦስት ሳምንት ታስራ ከርማለች። እሱ ከፈቀደ እነዳለሁ።»

ወደ ትራፊኩ ሮጠች። «ወንድሜ፣ አሳልፈን! አንተ ካላሳለፍክ ሸጋው አይነዳም፣ ሸጋው ካልነዳ እህቴ አትደርስም!»

«የስምሪት ቁጥር የለውም። ቁጥር የሚሰጠው የባጃጆቹ ማኅበር ነው» አላት።

ማኅበሩ ቢሮ ገባች። «ቁጥር ስጡኝ! ቁጥር ከሌለ ትራፊኩ አያሳልፍም፣ ትራፊኩ ካላሳለፈ ሸጋው አይነዳም፣ ሸጋው ካልነዳ እህቴ አትደርስም!»

ጸሐፊዋ ቀና ብላ እንኳ አላየቻት። «የቀበሌ ደብዳቤ አምጪ።»

ቀበሌ በረረች። «ደብዳቤ ጻፉልኝ! ደብዳቤ ከሌለ ማኅበሩ ቁጥር አይሰጥም፣ ቁጥር ከሌለ ትራፊኩ አያሳልፍም፣ ትራፊኩ ካላሳለፈ ሸጋው አይነዳም፣ ሸጋው ካልነዳ እህቴ አትደርስም!»

የቀበሌው ሰውዬ ወዲያው ጻፈላት፤ እሱስ ደህና ሰው ነበር። «ማኅተም ግን የለም» አላት። «ሊቀመንበራችን አቶ ገድሉ መሳቢያ አያምኑም። ማኅተሙን በመሐረብ ቋጥረው በኪሳቸው ነው የሚይዙት። እሳቸው ደግሞ ልጃቸው ሞታባቸው ሐዘን ላይ ናቸው።» ውባለም ደብዳቤውን እንኳ ሳትይዝ ወጣች።

እኔስ? እኔማ መሪዬን ጨብጬ ቁጭ። ዘርፌ ከኋላዬ «ሸጋው፣ ኧረ በእመቤቴ!» ትላለች። «ትንሽ ቻይ» እላታለሁ። አፌን በቆረጠው!

ውባለም የለቅሶው ድንኳን ውስጥ አቶ ገድሉ እግር ስር ወደቀች። «ጋሼ፣ ማኅተም! ማኅተም ከሌለ ደብዳቤው አይወጣም፣ ደብዳቤ ከሌለ ማኅበሩ ቁጥር አይሰጥም፣ ቁጥር ከሌለ ትራፊኩ አያሳልፍም፣ ትራፊኩ ካላሳለፈ ሸጋው አይነዳም፣ ሸጋው ካልነዳ እህቴ አትደርስም!»

«ልጄ፣ ከለቅሶ ላይ ማኅተም አይመታም» አሉ።

«ጋሼ፣ ልጅዎ ፀዳለ የሞተችው የት ነው?»

«አስፋልቱ ዳር» አሉ። «ምጥ ይዟት።»

«እህቴም እዚያው ናት።»

መሐረቡን ፈቱት። «ወረቀቱስ?»

«ቀበሌ ጥዬው መጣሁ።»

እጇን ያዝ አድርገው ማኅተሙን መዳፏ ላይ መቱት።

መዳፏን ያየው ቀበሌ ደብዳቤውን ሰጠ፣ ደብዳቤውን ያየው ማኅበር ቁጥሩን ሰጠ፣ ቁጥሩን ያየው ትራፊክ እጁን አነሳ፣ የትራፊኩን እጅ ያየሁት እኔ ሞተሩን አስነሳሁ። ተፈቀደ! አስፋልቱ ላይ በረርን። ስድስት ደቂቃ አልፈጀብንም፤ ስድስት!

ሕፃኗ ተወለደች። ሴት ናት፤ ጤና ጣቢያውን በለቅሶ አናወጠችው። ዘርፌ ግን አልሰማቻትም። ደሟ ያለቀው እኔ «ትንሽ ቻይ» ስላት ነው።

አስከሬኗን በዚያው አስፋልት ስንመልስ ቁጥር የጠየቀን የለም። ትራፊኩ ቆቡን አውልቆ አሳለፈን።

ሰው ሲጠይቀኝ ማኅተሙ ነው እላለሁ፣ ቀበሌው ነው እላለሁ፣ ማኅበሩ ነው፣ ትራፊኩ ነው እላለሁ። ውሸቴን ነው። የባጃጇ ቁልፍ እኔ እጅ ላይ ነበር።