ለእንግዳ የተቀመጠው አጎበር

ከሁሉ አስቀድሜ ጎንበስ ብዬ ይቅርታ እጠይቃለሁ። የዓለም ታላላቆች ስለ ወባ በየአዳራሹ በሚመክሩበት ዘመን፣ ስለ አንድ ሳጥን ማውራት ነውር ነው። ነውር መሆኑን እያወቅሁ እናገራለሁ፤ እናንተም እያወቃችሁ ስሙኝ።

በጣም በድሮ ጊዜ፣ መኪናና ስልክ ከገባ በኋላ፣ በአንድ ቆላ አገር፣ ወንዝ ዳር፣ እትዬ ማንጠግቦሽ የሚባሉ ባልቴት ነበሩ። ባላቸው ሞቷል። ስማቸው የሚባለው አንድ ልጃቸውም ከተማ ገብቶ ቀርቷል።

ከባሕር ማዶ አጎበር መጣና ታደለ። ነጭ፣ አዲስ፣ ከላስቲኩ ያልወጣ። እትዬ ማንጠግቦሽ ሲቀበሉት እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠረጉ።

"ይሄማ የእንግዳ ነው" አሉ። እንደ ደህናው ብርድ ልብስ፣ እንደ አዲሶቹ ብርጭቆዎች፣ ሳጥን ውስጥ ከተው ቆለፉበት።

"አያ ሳጥን፣ እዚህ ምን እሠራለሁ?" አለ አጎበሩ።

"ትጠብቃለህ።"

"ማንን?"

"እንግዳ።"

"መቼ ይመጣል?"

"እኔ እንኳ ብርጭቆዎቹን ይዤ ስጠብቅ አርጅቻለሁ" አለ ሳጥኑ።

ሳጥኑ ውስጥ ጨለማ ነው። ከውጭ የሚሰማው የእትዬ ማንጠግቦሽ ድምፅ ብቻ ነው፤ እሳቸውም የሚያወሩት ከዶሯቸው ጋር ነው።

መጀመሪያ የመጡት አጎበሩን የላኩት የባሕር ማዶ ልዑካን ነበሩ።

"እማማ፣ አጎበር አለዎት?" አለ አስተርጓሚው።

"አሳምሮ! ይኸው፣ እጥፋቱ እንኳ አልተነካም።"

ልዑካኑ አጨበጨቡ። አጎበሩን ዘርግተው፣ ባልቴቷን መሀል አቁመው ፎቶ ተነሡ። ወባ በዚህ ቀበሌ ድል መመታቷም ተነገረ።

"ምንም ሳትቀምሱ? እደሩ እንጂ፣ አጎበሩም አለ!" አሉ እትዬ ማንጠግቦሽ።

የመኪናው ሞተር ግን ከመጀመሪያውም አልጠፋም ነበር። አቧራው ሲበርድ አጎበሩ ተመልሶ ታጠፈ።

ሁለተኛ የመጣችው እመት ቢምቢ ናት። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ወደ ቁልፉ ቀዳዳ ተጠጋች።

"አቶ አጎበር፣ እንደምን ሰነበቱ?"

"ከዚህ ብወጣ አሳይሽ ነበር!"

"ኧረ እንዳይቆጡ! እንደ እርስዎ ያለ ጨዋ ጎረቤት ከየት ይገኛል?"

"ተያቸው፣ እባክሽ። ብቻቸውን ናቸው።"

"ብቻቸውን ስለሆኑ አይደል የምጠይቃቸው? ከእኔ በቀር ማን ብቅ ይላል?" አለችና ወደ መደቡ በረረች።

ብዙም ሳይቆይ እትዬ ማንጠግቦሽን ብርድ ብርድ አላቸው። ጋቢ ቢደራርቡም ጥርሳቸው ይንቀጫቀጭ ጀመር። አንዱ ጎረቤት አይቷቸው ደነገጠና ለልጃቸው ደወለ።

ሦስተኛ የመጣው ልጃቸው ስማቸው ነው። ከጤና ጣቢያ መድኃኒት አምጥቶ እናቱን አስታመመ። ትኩሳቱ በረድ ሲልላቸው ግድግዳ እየተደገፉ ተነሡና ሳጥኑን ከፈቱ።

"አያ ሳጥን፣ ወጣሁ!" ብሎ ጮኸ አጎበሩ።

እትዬ ማንጠግቦሽም አጎበሩን ለልጃቸው መደብ ላይ ሰቀሉለት። እሳቸው ከአጎበሩ ውጭ፣ ቁርበት ላይ ተኙ።

ጠዋት ስማቸው ነቅቶ አያቸው። "እማዬ! አጎበር እያለሽ ነው እንዲህ የታመምሽው? ለምን አትተኝበትም?"

"ምነው ልጄ፣ የእንግዳ እኮ ነው።"

"እኔ እንግዳ ነኝ?"

እናቱ በር ላይ ያለውን ሻንጣውን አዩ። እሱም አየው።

"አውቶቡሱ እንዳያመልጠኝ ነው" አለ ቀስ ብሎ። "ከዛሬ ጀምሮ አንቺ ተኝበት፣ እሺ?"

"እሺ፣ እሺ፣ ሂድ ይመሽብሃል" አሉት፤ ገና ጠዋት ነበር።

ልጁ ከዓይናቸው እስኪሰወር ቆመው ሸኙት። ከዚያ ገብተው አጎበሩን አወረዱ፤ በመጀመሪያው እጥፋት አጠፉት። "ለጥምቀት ይመጣ ይሆናል" አሉ ለዶሯቸው።

ሳጥኑ ተቆለፈ።

"አያ ሳጥን፣ ከእንግዲህ መቼ እወጣ ይሆን?"

"በዚህ ቤት እንግዳ የሚበዛው ለቅሶ ሲሆን ነው" አለው ሳጥኑ።

ወዳጆቼ፣ የተረቱ ምክር ይህ ነው፦ አጎበሩስ ታድሏል፤ ወባ እንድትጠፋ ደግሞ ቤት ለቤት እንግዳ ይታደል።

አደራ፣ ለማንም እንዳትደግሙት። እትዬ ማንጠግቦሽ ከሰሙ ልጃቸውን ያማንባቸው ይመስላቸዋል።