በሻማ የታሸገው ብስኩት

በብስኩት ፋብሪካው ግቢ፣ ችግሩን የሚደብቅ ሰው በተገኘ ቁጥር የምትወረወር አንዲት አባባል አለች። መነሻዋን በተመለከተ ግን ወሬው ሁለት ነው። የአንደኛው የማምረቻ መስመር ሠራተኞች፣ «ሁለተኛዎቹ ሙገሳ ፈልገው ሊለካ የመጣውን ሰው አታለሉት» ይላሉ። ሁለተኛዎቹ ደግሞ፣ «እንግዳ አክብረን ገመናችንን ሸፈንን እንጂ ማንን አታለልን?» ባዮች ናቸው። እንደ እውነቱ ከሆነ ከሁለቱም ጥቂት ጥቂት አለበት።

የሁለተኛው መስመር ኃላፊ መንበሩ የማሸጊያ መኪናውን ሕመም አሳምሮ ያውቅ ነበር። ማሞቂያው አርጅቶ ላስቲኩን አንዴ አሳርሮ ይቀድደዋል፣ አንዴ ሳይዘጋው ያሳልፈዋል። እናም ኢንጂነር ኢዮስያስ የየመኪናውን ብቃት ሊለካ ሲመጣ መንበሩን ደስ ሊለው ይገባ ነበር።

«የማየው ሦስት ነገር ነው» አለ ኢዮስያስ ሠራተኞቹን ሰብስቦ። «መኪናው ከተመደበለት ሰዓት ምን ያህሉን ሠራ? በምን ፍጥነት ሠራ? ካወጣውስ ደህናው ስንቱ ነው? ደክሞ የተገኘው ይታከማል።»

«እንደ እርጉዝ ሊመረመር ነው በሉኛ!» አለች ማንጠግቦሽ የምትባል አሻጊ። ሴቶቹ ሳቁ።

የክፍሉ አንጋፋ እትዬ ዘርትሁን ግን መንበሩን ወደ ጥግ ሳብ አደረጉት። «በሰው ፊት የተቀደደ ልናሳይ ነው? ነገ ስማችን ምን ሊባል?»

«ታዲያ ምን ይሻላል፣ እትዬ?»

«ኦቾሎኒ በላስቲክ ስሸጥ በሻማ ነበር የማሽገው።»

መንበሩ ተው ማለት ይችል ነበር። አላለም። ይልቁንም መኪናው ሥራ በጀመረ ቁጥር እንግዳውን ወደ ብስኩት መጋገሪያው ምድጃ እየወሰደ በወሬ ያዘው። ከካርቶኑ ክምር ጀርባ ሴቶቹ በሽርጣቸው እየሸሸጉ ያወጡትን የተከፈተ ላስቲክ በሻማ እያቀለጡ ያጣብቁና ከደህናው ጋር ይቀላቅሉታል። ኢዮስያስ ተመልሶ ሲቆጥር አንድም የተበላሸ አጣ። «ጎሽ!» ብሎ የመንበሩን ትከሻ መታ አደረገው። መንበሩም ምስጋናውን አንገቱን ደፍቶ ተቀበለ።

ከሳምንት በኋላ ሥራ አስኪያጁ ሠራተኛውን ግቢ ውስጥ ሰበሰቡ። «አንደኛ የወጣው ሁለተኛው መስመር ነው! አንደኛው መስመር ደካማ ስለሆነ የተገኘውን አንድ አዲስ ማሞቂያ ገጥመንለታል። የበዓሉ ትእዛዝ በሙሉ ግን ወደ ጎበዞቹ ይሄዳል!»

ጭብጨባው ቀለጠ። መንበሩ ዞር ሲል ማንጠግቦሽን አያት። የተቃጠሉ ጣቶቿ በጨርቅ ተጠቅልለዋል፤ በመዳፏ ብቻ ታጨበጭባለች። የበዓሉ ሥራ እነዚያን ጣቶች እንደገና ወደ ሻማው ሊመልሳቸው ነው። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው በወደደ። ከሰው መሀል ወጥቶ ከሥራ አስኪያጁ አጠገብ ወደቆመው ኢዮስያስ ሄደ።

«ጌታዬ፣ ይህ ጭብጨባ የእኛ አይደለም።»

«ምን ማለትህ ነው?» አለ ኢዮስያስ። «እኔው በዓይኔ አይቼ?»

«እርስዎ ምድጃውን ሲያዩ ከጀርባዎ በሻማ እያሸግን ነበር። እዚያ ያቆምኩዎት እኔ ነኝ።»

ከአንደኛው መስመር በኩል አንዱ፣ «ሻማ እናውሳችሁ?» ሲል ሳቅ ፈነዳ። ኢዮስያስ አልሳቀም፤ ጆሮው ድረስ ቀልቷል። «እኔም ምድጃው አጠገብ ቆሜ ሳወራ መዋሌን አልክድም» አለ። «ማሞቂያው ግን ተገጥሟል። ሌላ እስኪመጣ ወራት ይፈጃል። ከእነሱ ነቅዬ ልስጥህ?»

መንበሩ ማንንም ቀና ብሎ ማየት አልቻለም። ድምፁን ግን ከፍ አደረገ።

«አይነቀል! እኛ እንደገና እንለካ፤ የተቀደደውም እንደተቀደደ ይቆጠር። መኪናው እስኪታከም የበዓሉን ሥራ አልቀበልም፤ ከእንግዲህ በሰው ጣት ላስቲክ አይታሸግም።»

ያን ጊዜ እትዬ ዘርትሁን ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው፣ ከሚስቁትም ከሚያፍሩትም መሀል ሆነው እንዲህ አሉ፦ «ምን ይደረግ ልጆቼ፤ ቁስሉን የሸሸገ፣ መድኃኒቱን ለጎረቤት ሰጠ።»